ተመልሶ የሚነበብ ቅጂ

ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ወረዳ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገረው ባክአፕ ስለምንለው የኮምፒውተር መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ቅጂው ጤነኛ መሆኑን፣ በተፈለገም ቀን ተመልሶ ሊሠራበት መቻሉን እንዴት እናረጋግጣለን? ጥያቄው የባለሙያ ብቻ ይመስላል፤ በዚህ አካባቢ ግን የሁላችንም ሆኗል። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በቆየችባቸው ወራት ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ሲዘረፉ የሄደው አልጋና ማይክሮስኮፕ ብቻ አልነበረም። ኮምፒውተር ሲሄድ በውስጡ ያለውም አብሮ ይሄዳል። ማይክሮስኮፕ ገንዘብ ከተገኘ ይተካል። የታማሚ የሕክምና ታሪክ፣ የተማሪ የአራት ዓመት ውጤት፣ አንድ ተመራማሪ በየክረምቱ ማሳ ላይ ቆሞ የሰበሰበው ልኬት ግን የሚገዛበት ገበያ የለም።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው «ባክአፕ ያዙ» ይባላል። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ቅጂ ይዞ ያልተረፈ ብዙ አለ። እኔ የማምነውን በግልጽ ልናገር፦ ቅጂው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ካልተከፈተ፣ የሥራው ባለቤትም አይቶ «አዎ፣ የእኔ መዝገብ ይኸው ነው» ካላለ፣ ያ መሥሪያ ቤት ባክአፕ አለኝ ሊል አይገባም።

ይህን ከማንም ቀድሞ የተረዳው ዘር ጠባቂው ነው። ከወልድያ ወደ መርሳ ስንሄድ የምናገኘው የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ለሚያጥረው ምሥራቅ አማራ የሚስማሙ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረ ተቋም ነው፤ የጊራናን ስም የያዘው ጊራና-1 ማሽላ የዚሁ ማዕከል ሥራ ነው። በጦርነቱ ጉዳት ከደረሰባቸው ተቋማት አንዱም እሱ ነበር። ዘር በዘር ባንክ ውስጥ በታሸገ ከረጢት፣ በቀዝቃዛ ክፍል፣ መለያ ቁጥር ተለጥፎበት ይቀመጣል። ነገር ግን ከረጢቱ በመደርደሪያው ላይ መኖሩ ዘሩ ሕያው ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ባለሙያው በየጊዜው ጥቂት ፍሬ ከከረጢቱ አውጥቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ያበቅላል፤ ስንቱ እንደበቀለ ቆጥሮ ይመዘግባል። የዘር ባንኮች ዓለም አቀፍ መመሪያ እንደሚለው፣ የመብቀል አቅሙ መጀመሪያ ሲገባ ከነበረው 85 በመቶ በታች ከወረደ ዘሩ ማሳ ላይ ተዘርቶ መታደስ አለበት። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሞ ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የዘር ባንካችን የቆመውም ለዚሁ ሥራ ነው።

አሠራሩ በጦርነት ሲፈተን ያየነው በሶርያ ነው። ኢካርዳ የተባለው የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል ዋና የዘር ባንኩ በአሌፖ አጠገብ ነበር። የዘሩን ቅጂ ግን በኖርዌይ ስቫልባርድ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ2008 ወደተከፈተው የዓለም የዘር ማከማቻ አስቀድሞ ልኮ ነበር። የአሌፖው ባንክ እንደ ቀድሞው መሥራት ሲያቅተው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከስቫልባርድ ዘር በማስወጣት የመጀመሪያው ሆነ። ዘሩን በሊባኖስና በሞሮኮ ዘርቶ አበዛው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የታደሰውን መልሶ ወደ ማከማቻው ላከ። ይህ እንዲሳካ ቅጂው ከአደጋው ርቆ መገኘት ነበረበት፤ ዘሩም ሕያው መሆን ነበረበት። የትኛው ከረጢት የትኛው ዝርያ እንደሆነ የሚናገረው መዝገብ አብሮ መኖር ነበረበት፤ ዘሩን ተቀብሎ የሚዘራ ሰውና መሬትም መኖር ነበረበት። አንዱ ቢጎድል ሌላው ከንቱ ነበር። ከኮምፒውተር ቅጂ የምንፈልገውም ይኸው ሁሉ ነው።

እስቲ ወደ ቢሮአችን እንግባ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያዩት ነገር አለ። ሰው መመረቂያ ጽሑፉን ከዴስክቶፕ ላይ ወደ ፍላሽ ወስጃለሁ ብሎ ይመጣል፤ ፍላሹ ሲከፈት በውስጡ ያለው ሾርትከት ነው። ሾርትከት ፋይሉ የት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው፤ ክብደቱም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ያህል ነው። መቶ ገጽ ከነሥዕሉና ከነሰንጠረዡ ሁለት ኪሎባይት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ምርመራ ዓይን ይበቃል። ቅጂው የተሠራው መቼ ነው? ስንት ይመዝናል? ያለፈው ሳምንትስ ስንት ይመዝን ነበር? እያደገ የመጣ የሂሳብ ፋይል ድንገት በግማሽ ከቀነሰ የተበላሸ ነገር አለ። ለሦስት ወር ክብደቱ ንቅንቅ ካላለም መደንገጥ ይገባል፤ ቅጂው የሚወሰደው ማንም የማይጽፍበት የድሮ ፎልደር ሊሆን ይችላል።

ፍላሹን ራሱንም መጠርጠር ያስፈልጋል። ገበያ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት በእርግጥ የሚይዘው 8 ብቻ የሆነ ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ አለ። ክፋቱ ኮምፒውተሩን ራሱን ማታለሉ ነው። መጠኑ 128 ተብሎ ይታያል፣ ኮፒ ሲደረግም ስህተት አይናገርም፣ የፋይሉ ስምና ክብደት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሲከፈት ግን ውስጡ የለም። ኤች-ቱ-ቴስት-ደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሹን ከዳር እስከ ዳር ጽፎበት መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያወጣል። አዲስ ፍላሽ ሲገዛ፣ ምንም ሳይጫንበት፣ ይህን ማድረግ ይገባል። የሠርግና የተዝካር ቪዲዮ የምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ፋት-32 በተባለው አሠራር የተፎረመተ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሌሊት ኮፒ አስጀምሮ የተኛ ሰው ጠዋት የሚያገኘው ትናንሾቹን ፋይሎች ነው፤ ዋናው ቪዲዮ አልተሻገረም። መብራት በመሃል ሲሄድም ግማሹ ተጽፎ ግማሹ የቀረ ፋይል ይኖራል፤ ስሙ ግን እንደ ሙሉ ፋይል ይታያል።

የምንጨነቅለት መረጃ በአማርኛ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ የጻፉት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። በነዚያ አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ነው፤ ለዓይናችን አማርኛ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ ስለተጫነ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ያው ሰነድ ትርጉም የሌለው የምልክት ረድፍ ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፣ አንድ ባይት አልጎደለም፤ ሰው ግን ሊያነበው አይችልም። የአንድ ቀበሌ የአሥር ዓመት ቃለ ጉባኤ በዚህ መልክ «ድኖ» ቢገኝ ለከሳሽም ለተከሳሽም አይጠቅምም። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ፎንቱን ከሰነዱ ጋር በአንድ ፎልደር ማስቀመጥ፣ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ፎንቱን በውስጣቸው በያዘ ፒዲኤፍ ማስቀረት፣ ጊዜ ሲገኝም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ይህን ሁሉ ግን የሚያስብ ሰው የሚገኘው ቅጂውን ከራሱ ኮምፒውተር ውጭ ከፍቶ ካየ በኋላ ነው። በራሱ ላይ ሲከፍተውማ ምንጊዜም አማርኛ ነው።

በፒችትሪ ሂሳብ የምትይዙ ነጋዴዎችና ድርጅቶችም ያው ችግር አለባችሁ። የፒችትሪ ባክአፕ ፋይል ብቻውን አይከፈትም፤ ፕሮግራሙን ይፈልጋል፣ ያውም ቅጂው ከተሠራበት እትም ጋር የሚስማማውን። በአዲስ እትም የተወሰደ ቅጂ በአሮጌው ላይ አልመለስ ይላል። ስለዚህ ከቅጂው ጋር የፕሮግራሙ መጫኛና የፈቃድ ቁጥሩ አብረው መቀመጥ አለባቸው። በወረዳ ፋይናንስ ሲሠራበት እንደቆየው አይቤክስና በጤና ተቋማት እንዳለው ስማርት ኬር ያሉ ሲስተሞች ደግሞ መረጃቸውን የሚይዙት በዳታቤዝ ነው። ዳታቤዝ እንደ ዎርድ ፋይል በኮፒና ፔስት አይወሰድም። ሰው እየጻፈበት ሳለ የተቀዳ ፋይል ከፊሉ የጠዋቱን፣ ከፊሉ የከሰዓቱን መልክ ይዞ ይወጣና ሲመለስ አልነሣ ሊል ይችላል። ራሱ ዳታቤዙ ባለው የባክአፕ ትዕዛዝ መወሰድ አለበት። ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ቅጂውን ሳይመልስ የሚፈትሽ ትዕዛዝም አለው፤ ነገር ግን እሱ የሚናገረው ፋይሉ የሚነበብ መሆኑን ነው፣ በውስጡ ያለው መረጃ ትክክል መሆኑን አይመሰክርም።

ይህ የሚደርሰው ባለሙያ በሌለበት ቦታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጊትላብ የተባለው የፕሮግራም ጸሐፊዎች ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ራሱ ለዓለም ጽፎ አውጥቷል። ሌሊት ላይ የደከመው ባለሙያ ከመጠባበቂያው ሰርቨር ላይ መረጃ የሚያጠፋ መስሎት ከዋናው ላይ አጠፋ፤ ልብ ብሎ ሲያስቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ኩባንያው መረጃውን የሚያስቀርበት አምስት ዓይነት መንገድ እንዳለው ያምን ነበር። አንድ በአንድ ሲታዩ ግን አስተማማኝ ሆኖ የተገኘ አልነበረም። የየቀኑን ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ከዳታቤዙ እትም ጋር ስላልተስማማ ሥራውን ሳይሠራ ይቆም ነበር፤ ቅጂዎቹ ይላኩበታል የተባለው የሩቅ ማከማቻም ባዶ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ማስጠንቀቂያው ነው፤ ባክአፑ አልተሳካም የሚለው ኢሜይል በየቀኑ ይላክ ነበር፣ ነገር ግን ተቀባዩ የኢሜይል ሥርዓት እየመለሰው ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት መረጃ ጠፋ፤ የቀረው ተረፈ። ጊትላብ ገንዘብም ባለሙያም አልጎደለውም ነበር። ያልነበረው ቅጂውን በየጊዜው መልሶ የሚሞክርና ለዚያ ተጠያቂ የሆነ ሰው ነው። ጥፋታቸውን ሳይደብቁ ማውጣታቸው ለሌላው ትልቅ ትምህርት ሆኗል፤ የእኛም ተቋማት በጦርነቱ ከጠፋው መረጃ ምን እንደተረፈና ለምን እንደተረፈ እንዲሁ በግልጽ ጽፈው ቢያወጡ እመኛለሁ።

አሁን ርቀትን እንመልከት፤ በዚህ ረገድ የእኛ አካባቢ ከማንም መጽሐፍ የበለጠ አስተምሮናል። በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ የታወቀ ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ። ደንቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን «ከግቢው ውጭ» ሲባል ስንት ኪሎ ሜትር ነው? የወልድያ መሥሪያ ቤት ቅጂውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው መርሳ፣ የመርሳውም በወልድያ ቢያስቀምጥ በሰላም ጊዜ በቂ ይመስል ነበር። ለእሳትና ለሌባ ይበቃል። በ2013 ክረምት የመጣው ጦርነት ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ያዘ። የደቡብ ወሎ ዞን ከተማ ደሴ ላይ አስቀምጫለሁ ያለውም ቢሆን፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 በዚያው መንገድ ላይ ተያዙ። በነሐሴ 2014 ደግሞ ቆቦ እንደገና ስትያዝ ወልድያ ዳግም ስጋት ላይ ወደቀች። ስለዚህ የእኛ አካባቢ ሰው ርቀትን የሚለካው አንዱ አደጋ ሁለቱን ቦታዎች አንድ ላይ ሊያገኛቸው ይችላል ወይ ብሎ ነው። ወልድያ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ደሴ በአንድ አስፋልት ላይ የተሰደሩ ናቸው። አንዱ ቅጂ ከዚህ መሥመር መውጣት አለበት፤ ባሕር ዳር ይሁን አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ።

«በኢንተርኔት ክላውድ ላይ አድርጌዋለሁ» የሚል ወጣት አለ። እንደ አንድ ቅጂ መልካም ነው፤ ብቸኛ ሲሆን ግን አደጋ አለው። በጦርነቱ ወራት መብራትም ስልክም አልነበረንም፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ክላውድ ላይ ያለ መዝገብ ለወልድያ ሐኪም የለም ማለት ነው። ኢንተርኔቱ ቢኖርም ፍጥነቱን አስሉት። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚሄድ መሥመር አንድ ቴራባይት ለማውረድ ያለ ማቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል፤ ያንኑ መረጃ በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ከሚያነብ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለመመለስ ከ9 ሰዓት ጥቂት ያለፈ ይበቃል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ቅርብ፣ አንዱ ሩቅ መሆኑ ቅንጦት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ የሩቁን ጭራሽ መተው ምን እንደሚያስከፍል ደቡብ ኮሪያ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ዴጆን ከተማ በሚገኝ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል በተነሣ የባትሪ እሳት፣ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን ያስቀምጡበት የነበረው ጂ-ድራይቭ 858 ቴራባይት መረጃ ይዞ ጠፋ፤ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም።

ቅጂን አርቆ ማስቀመጥና ያስቀመጡትን ማንበብ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ አራቱ ወንጌልም ከነዚያ አንዱ ነው። የፊልሙ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ያ ፊልም በካርቶን ውስጥ እንደተዘጋ ቢቀር ኖሮ ደብዛዛው ገጽ፣ የተዘለለው ቅጠል፣ የተሳሳተው ቁጥር ሳይታወቅ ይኖር ነበር። ነገር ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ለአሥርታት ፊልሙን እየከፈቱ፣ እያነበቡ፣ በየመጽሐፉ ምን እንዳለ የሚገልጽ ካታሎግ በበርካታ ቅጽ አዘጋጁ። ቅጂውን ያረጋገጠው ይህ ንባብ ነው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ የፈለገውን መጽሐፍ በቁጥሩ ጠርቶ የሚያገኘው በዚያ ድካም ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር በራሱ እየተመሳሰለ የሚሄድ ፎልደርን እንደ ባክአፕ መቁጠር ነው። እንዲህ ያለው ፎልደር የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፤ ስህተትንም ጭምር። ከኮምፒውተሩ ፎልደር ፋይሉ ሲጠፋ ከጉግል ድራይቭም አብሮ ይጠፋል፤ ከቆሻሻ መጣያውም ቢሆን ከ30 ቀን በኋላ ይወገዳል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባም የተቆለፈው ፋይል በደህናው ላይ ይተካል። ስለዚህ የትናንቱ፣ ያለፈው ሳምንትና ያለፈው ወር ቅጂ ለየብቻ መኖር አለበት፤ ሃርድ ዲስኩም ሥራው ሲያልቅ ተነቅሎ በቁልፍ መቀመጥ አለበት። ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይመታል።

እንግዲህ ሙከራው እንዴት ይደረግ? በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምሳሌ ልናገር። የሬጂስትራሩ ኮምፒውተር እንደተሰረቀ ይቆጠራል፤ ማንም አይነካውም። ሌላ ኮምፒውተር ይመጣል፣ የሬጂስትራሩ ሠራተኛ ያልሆነ ሰውም ይቀመጥበታል። በእጁ ያለው ቅጂውና በወረቀት የተጻፈ መመሪያ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የሚጫነው ከየት ነው? የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ሥራው ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ መቆሙም ጥሩ ነው፣ ዛሬ የቆመው ነገ አይቆምምና። መረጃው ሲመለስ ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያው ወደ ኋላ ብሎ የክፍል ኃላፊ መምህራን መምጣት አለባቸው። እነሱ ከወረቀቱ ሮስተር ላይ ከየክፍሉ ጥቂት ተማሪዎችን በዘፈቀደ አውጥተው ስም በስም፣ ውጤት በውጤት ያመሳክራሉ። ጠቅላላ የተማሪው ቁጥር ልክ ነው? መጨረሻ የገባው ተማሪ አለ? ባለፈው ሳምንት የታረመው ውጤት ታርሞ ይታያል? በሂሳብ ክፍል ከሆነ የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥርና የወሩ ሚዛን ይታያል፤ በጤና ተቋም ከሆነ ክትትል ላይ ያሉ ታማሚዎች ቁጥርና የመጨረሻው የቀጠሮ ቀን። ባለሙያው ፋይሉ መከፈቱን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ግን በየቀኑ የሚሠራበት ሰው ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ የአይቲ ክፍል ብቻ አይደለም የምለው።

ከሙከራው በኋላ ማንም ሊሠራው የሚችል አንድ ጥበቃ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ሰርትዩቲል የሚባል ትዕዛዝ ወይም ሰቨን-ዚፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከአንድ ፋይል ሻ-256 የተባለ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ያወጣል። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ሌላ ይሆናል። ደህና መሆኑ በተረጋገጠ ቀን መለያውን መዝግቦ፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና አውጥቶ ማመሳከር ነው። አንድ ከሆነ ፋይሉ አልተነካም። ይህ ግን የመመለስ ሙከራውን አይተካም፤ መጀመሪያውኑ የተበላሸ ፋይልም መለያው ሳይለወጥ ይኖራልና።

ቅጂን ወደ ሌላ ከተማ ስንልክ የሰውን ምስጢር መላካችንን አንርሳ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የታማሚን ወይም የባለይዞታን መረጃ የሚይዝ ተቋም የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ቅጂው በይለፍ ቃል መቆለፍ አለበት። የይለፍ ቃሉም በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ አይኑር፤ ታሽጎ በኃላፊው ካዝና ይቀመጥ፤ በሙከራው ቀን ያ ፖስታ ተከፍቶ ይሞከር፣ ከዚያ በአዲስ ይተካ።

ቤታችሁ ስላለው ስልክ አጭር ቃል ልበል። የልጆቻችሁ ፎቶ፣ የሟች ወላጅ ድምፅ፣ የትምህርት ማስረጃ በስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም ወይም በጉግል ተቀምጦ ይሆናል። ዛሬ ማታ የዘመድ ስልክ ተውሳችሁ ወደ መለያችሁ ለመግባት ሞክሩ። መግቢያ ኮዱ የሚላከው ወደ ስልካችሁ ወይም ወደ ሲም ካርዳችሁ ነው፤ ሲሙ ከስልኩ ጋር ቢጠፋ መግቢያችሁ ምንድን ነው? ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ያልተገባበትን መለያ ራሱ እንደሚሰርዝም እወቁ። እንዳይጠፋ የምትሹት ጥቂት ፎቶና ሰነድ ካለ በፍላሽ አድርጋችሁ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ፤ ዘመዳችሁም በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ያየውን በስልክ ይንገራችሁ። ዋና ዋናውን ፎቶ ማሳተምም አይናቅ።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ንብረት ይቆጠራል፣ ካዝና ይቆጠራል። በዚያው ሳምንት ባክአፑም ይቆጠር፤ በዓመት አንዴ ብቻ ሳይሆን በየሦስት ወሩ። ለዚህ የሚሆን አንድ ተራ ደብተር ክፈቱ። በየሙከራው ቀኑ፣ ምን እንደተመለሰ፣ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ፣ ማን እንዳመሳከረው፣ ምን እንደጎደለ ተጽፎ ይፈረምበት። የጎደለ ነገር ያገኘ ሠራተኛ አይወቀስ፤ ይመስገን እንጂ። የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ትርፍ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክና የአንድ ቀን የሰው ጊዜ ነው፤ ይህም በወልድያም፣ በመርሳም፣ በሀብሩ ቀበሌዎችም ከአቅም በላይ አይደለም። እስካሁን ሙከራ ያላደረጋችሁ የመጀመሪያውን ቀን ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ቁረጡ።